ሽማግሌን «በምን አወቁ?» ማለት

መኮንን የሆንኩት አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማልችል ነው። ግጥም ግን ከዚያ በፊትም እጽፍ ነበር፤ አሁንም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም። ባጃጅ ውስጥ በሁለት ሴቶች መሀል ተጣብቄ ስለ አንድ ሠርግ የሚያወሩትን እሰማለሁ፣ ስወርድ ግድግዳ ተደግፌ ስልኬ ላይ እጽፈዋለሁ። ትምህርት ቤቴ ይኸው ነበር። ስለዚህ በምክትል መቶ አለቃነት ተመርቄ እንደወጣሁ፣ ከሰው አንደበት መረጃ የሚሰበስቡ መኮንኖች ሊመለመሉ ነው ሲባል እጄን ቀድሜ አነሳሁ። ሰው ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ፣ ደመወዝ ይከፈለኛል። ከዚህ የተሻለ ሥራ ሊታየኝ አልቻለም።

ምልመላው ያደግኩባት ሀዋሳ ላይ ስለነበር ደስታዬ እጥፍ ሆነ። እዚያው ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ካለው የወላጆቼ ቤት እያደርኩ እመላለስ ነበር።

የመለመለችን ሻለቃ ቀጭን ሴት ናት፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። የመጀመሪያው ቀን ፊታችን ቆማ፣ «እኛ ሰው አናስፈራራም፣ ሰው አናታልልም» አለች። «ጠይቀን እንሰማለን። የሰማነውን እንጽፋለን። የሰማነው ከየት እንደመጣም እንጽፋለን። ይህን የመጨረሻውን የሚረሳ ሰው ወደ ስንቅና ትጥቅ ይሄዳል። እዚያም ዱቄት የሚረከብ መኮንን ያስፈልጋል።»

እኔ ዱቄት ስረከብ ታየኝና ደነገጥኩ።

ለምልመላው ፈተና ከሀዋሳ አጠገብ ባለችው ቱላ አካባቢ የሚኖሩ ሽማግሌዎች ሊተባበሩን ተስማምተው ነበር። የሚያስመስሉት ነገር የለም፤ ስለ አካባቢያቸው የሚያውቁትን ይነግሩናል፣ በቃ። ለእኔ የደረሰኝ ጥያቄ፣ ከቱላ ወጣ ብላ ያለችው ትንሽ ድልድይ የተጫነ ከባድ መኪና ትችላለች ወይ የሚል ነበር።

ሽማግሌውን ያገኘኋቸው እንሰታቸው ጥግ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። በምችለው ሲዳምኛ ሰላምታ ጀመርኩ። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ በአማርኛ እንሂድ፤ አለዚያ ይመሽብናል» አሉ። ከዚያ ስለ እናቴ፣ ስለ አባቴ፣ ስለ መንገዱና ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን። ስለ ድልድይዋ ሳነሳ ቀና ብለው ተቀመጡ።

«ትችላለች እንጂ» አሉ። «ሲሚንቶ የጫነ መኪና አልፎባታል። ድልድይዋ ምጥ እንደያዛት ሴት አቃሰተች። ወንዙ ራሱ ዝም ያለ መሰለ። ሾፌሩ ማዶ ሲደርስ ወርዶ መሬት ሳመ።»

ከደስታዬ የተነሳ እስክሪብቶዬ ወደቀብኝ። ይህን እኔ መጻፍ ነበረብኝ ብዬ ቀናሁ። አንድም ቃል ሳልጥል ይዤው ተመለስኩ።

ሻለቃዋ ሪፖርቱን አንብባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ቆንጆ ነው።»

«አመሰግናለሁ፣ ሻለቃ።»

«እኔ አላመሰገንኩህም። በምን አወቁ?»

«ምኑን?»

«መኪናው ማለፉን። ቆመው አይተዋል?»

«ያየ ሰው ነው እንደዚህ የሚናገረው።»

«ጠየቅካቸው ወይ?»

ወለሉን አየሁ። «ሻለቃ፣ ሽማግሌ ናቸው እኮ።»

«ነገ መኪናችን ወንዝ ውስጥ ቢገባ፣ ሽማግሌ ናቸው ብለህ ታወጣዋለህ? ነገ ተመልሰህ ሂድ። እንደዛሬው ከመጣህ ወደ ስንቅና ትጥቅ እመራሃለሁ።»

ከውጭ ሲታይ ቀላል ነገር ይመስላል። እኛ ቤት ግን ትልቅ ሰው የተናገረውን «በምን አወቁ?» ማለት ዋሽተዋል ከማለት አይለይም። ይሉኝታው ከልጅነቴ ጀምሮ ምላሴ ላይ ተቀምጧል። ልለማመድ ብዬ ማታ እራት ላይ በአባቴ ጀመርኩ። አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የክፍል ሥርዓታቸውን ቤት ይዘው መጥተዋል።

«የጎረቤታችን ልጅ ልታገባ ነው» አሉ።

«አባዬ፣ በምን አወቁ?»

ጉርሻው አፋቸው ሳይደርስ ቆመ። «ምን ማለትህ ነው?»

«አይተው ነው ወይስ ሰው ነግሮዎት?»

«እኔ ዋሸሁ?»

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። «እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ለእኔ ደግሞ የባለሱቁ ሚስት ነገረችኝ።»

«ለእሷስ?»

«ሄደህ ጠይቃታ፣ ወታደሩ።»

አባቴ ጉርሻውን ወደ ትሪው መልሰው ተነሱ። ለአንድ ሠርግ ወሬ እንዲህ ከሆነ፣ የማላውቃቸው ሽማግሌ በከዘራ ቢያባርሩኝ አይገርመኝም ነበር።

በማግስቱ ወደ ቱላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ዘዴ ስፈልግ ሄድኩ። የት ቆመው ነበር ልበል? የመኪናውን ቀለም ልጠይቅ? ሁሉም ብልጠት ብልጠት ይሸታል፤ ሽማግሌው ደግሞ ብልጠት ከሩቅ የሚያሸቱ ሰው ናቸው። ስደርስ አጥራቸውን ይጠግናሉ።

«ተመለስክ? ድልድይዋ ጠፋች?»

ሰላምታውን፣ ዝናቡን፣ ወላጆቼን እንደገና ካዳረስን በኋላ ዘዴው ሁሉ ጠፋኝና እውነቱን ተናገርኩ። «አባባ፣ አለቃዬ ናት የመለሰችኝ። የነገሩኝን በምን እንዳወቁት ሳልጠይቅ በመሄዴ ተቆጣችኝ። እኔ ደግሞ እርስዎን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ከበደኝ።»

የያዙትን እንጨት መሬት ውስጥ ገፉት፣ ነቀነቁት፣ እንደገና ገፉት። እኔ ከዘራው የት እንዳለ በዓይኔ ፈለግኩ።

«ሴት ናት አለቃህ?»

«አዎ።»

«ባል አላት?»

«አላውቅም።»

«መረጃ ሰብሳቢ ነኝ ትላለህ፣ ይህን አታውቅም።» ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «እኔም ቤት እንደሷ ያለች ሚስት አለች። ማን ነገረህ፣ የት ነበርክ ሳትል ወሬ አትቀበልም። እኔ አላየሁም፣ ልጄ። የልጄ ባል ነው የነገረኝ።»

«ምጥ እንደያዛት ያቃሰተችውስ?»

«እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት። አንተ እንደዚያ ዓይንህ እየበራ ስትሰማኝ ምን ላድርግ?»

ሳቄ አመለጠኝ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ለአማቻቸው ደወሉ፤ እኔም እንድሰማ ድምጹን ከፍ አደረጉት።

«ያ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ድልድይዋን አልፏል አላልከኝም?»

«አልፏል አባ። ባዶውን።»

«ሲሚንቶውስ?»

«ሾፌሩ ድልድይዋን አይቶ እምቢ አለ። ወዲህ ማዶ አራግፈን በጋሪና በጀርባ ነው ያሻገርነው። ምነው፣ ምን ተፈጠረ?»

ሽማግሌው ስልኩን ወደ እኔ አስጠጉት። «ጠይቀው እንጂ። በምን አወቅክ በለው።»

ጠየቅኩት። እሱም ከተሸካሚዎቹ አንዱ እንደነበረና ወገቡ እስካሁን እንደሚያመው በዝርዝር አስረዳኝ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

አዲሱ ሪፖርቴ አጭር ነበር። ምንጩ በዓይናቸው አላዩም፤ ከአማቻቸው ሰሙ። አማቹ ጭነቱን ከተሸከሙት አንዱ ነው። መኪናው ያለፈው ባዶውን ነው። የተጫነ መኪና ሲያልፍ ያየ ሰው አላገኘሁም።

ሻለቃዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ሽማግሌው ተቀየሙህ?»

«የለም። ባል ይኖርዎት እንደሆነ ነው የጠየቁኝ።»

«ምን ብለህ መለስክ?»

«አላውቅም አልኩ።»

ወረቀቱ ላይ እየፈረመች ሳታስበው ፈገግ አለች። «የማታውቀውን አላውቅም ማለት ጀምረሃል። አልፈሃል፤ ሰኞ ኮርሱ ይጀመራል።»

ሰላምታ ሰጥቼ ወጣሁ። ከበሩ ፊት የተደረደሩት ባለባጃጆች ቢጠሩኝም አልገባሁም፤ መለዮዬን በእጄ ይዤ እስከ አዲስ ከተማ በእግሬ ሮጥኩ።