የሳማታር አውራ ጣት

ጅግጅጋ ውስጥ ቶርኖ የምትሠራ ሴት አለች ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ሴትዮዋ፣ ንጋቷ፣ የሳቀባትን ሰው ዕቃ ጠግና ስትመልስለት ነው ደስ የሚላት። ከደብረ ብርሃን ከመጣች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ስድስቱን ከሥራ ጓደኛዋ ከሳማታር ጋር በአንድ ቆርቆሮ ቤት ሠርታለች። እሱ ራሱ በገጣጠመው ስሪዲ ፕሪንተር ነጭ የሴራሚክ ሊጥ በንብርብር እያተመ፣ ውሃ እንዳይሾልክ የሚዘጋውን የፓምፕ ቀለበት ያወጣል። እሷ ደግሞ ቀለበቱ ሳይቃጠል፣ ገና እንደ ጭቃ ሳለ፣ በቶርኖ ልክ ታስይዘዋለች። ከእቶን ከወጣ በኋላማ ከአልማዝ መቁረጫ በቀር የሚደፍረው የለም።

ሳማታር አንድ ክፉ ልማድ ነበረው። ሊጡ ሳይደርቅ አውራ ጣቱን አርሶ የቀለበቱን የውስጥ ግድግዳ ዳበስ ያደርጋል። በልጅነቱ ቆርቆሮ ቆርጦት ስለነበር አሻራው መሃል ለመሃል ጠባሳ አለበት። ንጋቷ እየተነጫነጨች ትልጠዋለች፤ ልጣጩን እንደ ደንባቸው ባልዲ ውስጥ ትጨምረዋለች፤ ውሃ ጠጥቶ መልሶ ሊጥ ይሆናል። እሱ እየሳቀ ተይው እንጂ፣ ፊርማዬ ነው ይላት ነበር።

ባለፈው የሮመዳን ጾም እንደተፈታ ሳማታር ጉበቱን ታሞ ሞተ። ንጋቷ ወንድሟን የቀበረች ያህል ከፋት፤ ቤቱን ሦስት ወር ዘጋችው። የከፈተችው ዋሪስ ስለመጣ ነው፤ ጉናጋዶ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ የሚጠብቅ ሽማግሌ። ቀለበቱ ተሰንጥቆ ፓምፑ ቆሟል፣ ዝናቡም ቀርቷል፣ ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይጓዛሉ አላት።

ባልዲው ውስጥ ደርቆ የተረፈውን ሊጥ በውሃ አሽታ ፕሪንተሩን አስነሳች፤ በሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን ይዛ ምሳ ሄደች። ስትመለስ ቀለበቱ ታትሞ አልቋል። ወደ ውስጥ አየች። ግድግዳው ላይ አውራ ጣት አርፏል፤ መሃሉ ላይ ጠባሳ።

ቶርኖው ላይ ስታስረው አሻራውን መላጥ አቃታት። ፈርታለች፤ ከፍርሃቷ ግን ናፍቆቷ ባሰ። የውጭውን ብቻ አስተካክላ አቃጠለችው። እቶን ሁሉን ያኮማትራልና አሻራው የሕፃን ጣት አክሎ ወጣ። ዋሪስ ወስዶ በሦስተኛው ቀን በጨርቅ ጠቅልሎ መለሰው። ውሃው በዚያች ጎድጓዳ እየሾለከ ወደ ላይ አልወጣ ብሏል።

"ልጄ፣ እኔ አልቆጣሽም" አላት። "የጠማው ሰው ግን አይጠብቅም።"

ሌላ አተመች። አሻራው እዚያው ነበር። "ሳማታር፣ ይቅር በለኝ፤ ሰው ጠምቶታል" አለችና የቶርኖውን ስለት አስጠጋች። ልጣጩን ሰብስባ ባልዲው ውስጥ ጨመረችው። ቀለበቱ ያለ እንከን ወጣ፤ ፓምፑም ውሃ ሰጠ።

ዋሪስ ለመጠባበቂያ አንድ ጨምሪልኝ ብሏት ነበር። አተመችው። የዚህኛው ግድግዳ ንጹሕ ነበር፤ ብታገላብጠው፣ በባትሪ ብታየው ምንም የለም። ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ያን ሁሉ ዓመት የተነጫነጨችበትን ነገር ራሷ አደረገችው፤ አውራ ጣቷን አርሳ ሊጡ ላይ አሳረፈች።

ጣቷን ስታነሳ አሻራው መሃል ለመሃል ጠባሳ ነበረበት። የእሷ ጣት ጠባሳ የለውም።

ዋሪስ አሁንም በመጣ ቁጥር መጠባበቂያውን ይጠይቃታል።

"ገና አልደረቀም" ትለዋለች።