ሽንኩርት የሌለበት ድስት

አሜሪካ፣ ጋርላንድ የምትባል ከተማ ውስጥ አንድ የህንድ ምግብ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን አንድ ጆንያ ሽንኩርትና አንድ ቢላ ተሰጠኝ። ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። የተቀጠርኩት በፕሬፕ ኩክነት ነበር፤ መላጥ፣ መክተፍ፣ ማጠብ።

ባለቤቷ ሚስስ ሻርዳ ሼፍም ነበሩ። አዩርቬዳ በሚባለው ያገራቸው የጥንት ሕክምና ያምናሉ።

"ጥሬ ሽንኩርት ሰውነት ያሞቃል፤ ቃር ያለበትን ያቃጥላል" አሉኝ። "በቅቤ ቀስ ብሎ የበሰለው ይሻላል። ጭራሽ የማይስማማውም ሰው አለ።"

ስለዚህ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ አንዱ ሽንኩርት ያለበት፣ ሌላው የሌለበት። ጭልፋቸው እንኳ አይቀላቀልም። እኔ በሆዴ "ሽንኩርት ከሌለው ምኑን ወጥ ሆነ?" እላለሁ።

ወደ ምድጃው ካደግሁ በኋላ ነው ተስፋዬ የመጣው። ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ ያገሬ ልጅ፣ ደንበኛችን ነው። አንድ ቀን ምሳውን ሳያጋምስ ሳህኑን ገፋው።

"ምነው? አልጣፈጠህም?"

"ጣፍጦኛል ሰብልዬ። ደረቴን አቃጠለኝ እንጂ። የሙሉንም ወጥ መብላት አቅቶኛል። ከልጆቹ ጋር ገበታ መቅረብ ትቻለሁ።" ሙሉ ሚስቱ ናት። ከመክሳቱ የተነሳ ሱሪው በቀበቶ ተሸብሽቦ ነበር የቆመው።

ሚስስ ሻርዳ ነገሩን ስነግራቸው "መጀመሪያ ዶክተር ይየው" አሉ።

ታየ፤ የጨጓራ መድኃኒት ታዘዘለት። ሲመለስ ሽንኩርት የሌለበት የማሾ ክክ ሠርቼ አቀረብኩለት። ሁለቴ ቀመሰና ሳቀ።

"ሰብልዬ፣ ይኼማ የሆስፒታል ምግብ ነው!"

አፈርኩ። ሚስስ ሻርዳ አልተቆጡኝም። ቅቤ አጋሉ፤ ከሙን ጨመሩበት። ሲንጣጣ የተፈቀፈቀ ዝንጅብልና ቁንጣሪ ሂንግ አከሉ። ሂንግ ሽታው ኃይለኛ የሆነ የሙጫ ዱቄት ነው። ሁሉንም ክኩ ላይ ቸስ አደረጉት።

"ሽንኩርቱን አወጣሽና ቦታውን ባዶ ተውሽው" አሉኝ።

ተስፋዬ ሳህኑን ጨርሶ ድገሙኝ አለ።

በሳምንቱ ሙሉን ይዟት መጣ። ሂንጉን አሽትታ ፊቷን አጨማደደች።

"ይኼ ነው ሽንኩርት የሚተካው?"

"ቅቤው ውስጥ ሲገባ ሽታው ይለወጣል" አልኳት። "በጾም ቀን በዘይት አድርጊው።" አጠገቤ ቆማ አንድ ጊዜ ራሷ ሠራችው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ምግብ ቤቱ ኮል አደረገች።

"ሰብልዬ፣ አሁን አብሮን ነው የሚበላው። ችግሩ ልጆቹ የሱን ወጥ ወደዱት፤ ወጡ አልዳረስ አለኝ። ትልቅ ድስት ልገዛ ነው።"

ለሚስስ ሻርዳ ስተረጉምላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሠራሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ምድጃ ላይ ቆሜያለሁ። ለታመመ ሰው ስታበስሉ አንድ ነገር ካወጣችሁ ሌላ የሚጣፍጥ ነገር አስገቡ። ምግቡ ካልጣመው፣ የሚስማማውም ቢሆን አይበላውም።