ልጅቷ ደረሰች

አልወለድኩም። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ አንድ ሆሽ፣ አንድ ግቢ ማለቴ ነው፣ የምንጋራ ሴቶች ይህን ስለሚያውቁ በጠዋት ሲያገኙኝ «ልጆችሽ ደህና አደሩ?» እያሉ ያሾፉብኛል። ልጆችሽ የሚሉት ደብተር ውስጥ ያሉትን ነው። ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ከሰሊጥ መጋዘኑ ስመለስ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ፣ ዳሱ ሥር ቁጭ ብዬ በተማሪ ደብተር እሞነጫጭራለሁ። «ደህና አድረዋል፣ የናንተን ያሳድግላችሁ» እላቸዋለሁ። ይሳቁ እንጂ፣ ምን ይጠበስ! መውደዴን አልደብቅም።

ከሁሉም የምሳሳው ለአንዲት ምላሰኛ የሃያ ዓመት ልጅ ነበር። ደላላ ተከትላ ወደ ሊቢያ የወጣች ናት። ውሃ ስጠጣ እሷ በረሃ ላይ መሆኗ ትዝ ይለኝና ጣሳውን ሳልጨርስ አስቀምጣለሁ። ምዕራፍ ሦስት ላይ ጫማዋ ስለተበጠሰ ምዕራፍ አራት ላይ ሌላ ሰጠኋት፤ ከየት አመጣችው የሚል አንባቢ ካለ ይበል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም።

አሁን ነውሬን ልናገር። ሳቋንና ስትናደድ ቅንድቧን የምትነጭበትን አመል የሰረቅኩት ከጎረቤቴ ልጅ ነው። ጎረቤቴ ከአጥሩ ወዲያ ያሉ ትልቅ ሴት ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ከሑመራ በኩል ጦርነቱን ሸሽተው፣ መንደር ስምንት በሚባለው የስደተኞች ጣቢያ አልፈው የመጡ ናቸው። አማርኛቸው መሃል ትግርኛቸው ብቅ ይላል፤ ልጃቸውን «ጓለይ» ነው የሚሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ልጅቷ የዛሬ ዓመት ተኩል ለሊቢያ ተነሳች። «እማ፣ ነገ እንወጣለን» የሚል ድምፅ በስልክ ላከች፤ ከዚያ በኋላ ድምጿ የለም። እናትየው «ደረሰች እስኪሉኝ ፀጉሬን አልሠራም» ብለው ተሳሉ። ጎፈሬያቸውን በነጠላ ጠቅልለው ልብስ ሲያጥቡ ይውላሉ።

አርብ አርብ ሥራ ስለሌለ የጻፍኩትን ለሴቶቹ አነባለሁ። እትዬ አንድም ቀን መጥተው አያውቁም። «የእውነቷ ጠፍታብኝ የውሸቷ ምን ይረባኛል?» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። ደግሞም እንኳን አልመጡ፣ ያን ሳቅ ቢሰሙት ያውቁት ነበር።

ሰሃራው ላይ ስደርስ እጄ ተሳሰረ። አብራኝ የምትኖረው ሴት ሻይ ሻጭ ናት፤ መንገደኛ ሁሉ እሷ ጋ ተቀምጦ ስለሚያወራ የማታውቀው የለም። «ወላሂ፣ እዚያ ጋ ሴት አትተርፍም። ግደያትና አልቅሰን እንገላገል!» አለችኝ። ልክ ናት። ሁለት ጊዜ ገደልኳት፤ ሁለት ጊዜ ገጹን ቀድጄ ጣልኩት። የሁለተኛው ቀን ሥራ እንኳ አልሄድኩም፣ ራሴን ይዤ ተኛሁ። አይ፣ አንጀቴ አልቻለም! በሦስተኛው፣ እንዴት እንደሆነ እኔም ሳላውቅ፣ ትሪፖሊ አስገባኋት። እግሯን አጥባ ተኛች።

ደስታዬን ማን ይያዝልኝ? ሻይ ሻጯ በሩ ላይ ከአህያ ጋሪው ውሃ ታስቀዳለች። ብድግ ብዬ «ደረሰች! ኧረ ልጅቷ ደረሰች!» ብዬ ጮህኩላት።

የደብተር ሰው ስትደርስ «ደረሰች» ይባላል፤ የእውነቷም ስትደርስ እንዲሁ ነው። እዚህ አገር ግን ያን ቃል የሰማ ድርሰት አያስብም። ከአጥሩ ወዲያ እልልታው ቀለጠ። እትዬ ከነአረፋ እጃቸው ወጥተው መሬቱን ሳሙ። ሴቱ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለዎት!» «መብሩክ!» እያለ ጎረፈ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ማን ይመልሰው?

ልነግራቸው ሄድኩ። እምዬን፣ ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። ስገባ ከበርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዷ ፀጉራቸውን ሹሩባ እየሠራችላቸው ግማሹን ጨርሳለች። እጄን ያዙና «ማን ነገረሽ?» አሉ። «ከዚያ የመጣ ሰው» አልኩ። «ከሳች?» «ብዙም አልከሳችም። እግሯ ትንሽ አብጧል።» «ጫማ አላት?» «አላት፣ ሌላ አግኝታለች።» የማወራው ስለ እኔዋ ነው። እግዜር ይይልኝ፣ እየዋሸሁ ደስ ይለኝ ነበር! ስለ እሷ እንዲህ ተርቦ የጠየቀኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረኝም። ከጠየቁኝ በላይ ጨምሬ አወራሁላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ ሻጯ ደብተሩን ከፊቴ ወርውራ «ወይ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ፣ ወይ እኔ» አለችኝ። ሄጄ ተንበረከኩ። ቃሉን እንዴት እንዳልኩት፣ ለማን እንዳልኩት፣ ሳቁን ከማን እንደወሰድኩት፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ይሰድቡኛል፣ ይመቱኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ሹሩባውን በጣታቸው አንድ በአንድ ፈቱት። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፤ እኔም ከተንበረከክሁበት አልተነሳሁም።

«ያንቺዋ ግን ደርሳለች?» አሉኝ ሲጨርሱ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«መልሻት።»

አልገባኝም።

«ጓለይ ሳትደርስ ያንቺ አትደርስም። በረሃው ላይ መልሻት። ምላስ አላት አይደል የምትዪው? ጓለይን ታጫውትልኝ። አብረው ይቆዩ።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? እሳቸውን እንዲያ አድርጌ ይህን እንዴት እነፍጋቸዋለሁ? አንድ ገጽ መቅደድ ነው። የወረቀት ሰው አይጠማውም፣ አይቆስልም፤ ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ቤት ገብቼ ገጹን በሁለት ጣቴ ያዝኩ። ገና አሁን መተኛቷ ነው። አልቻልኩም። ደብተሩን ጥግ ካለው የሰሊጥ ጆንያ ሥር ደበቅኩት።

አሁን እትዬ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ «መለስሻት?» ይሉኛል።

«መልሼያታለሁ፣ እትዬ።»

«ከጓለይ ጋ ናት?»

«አብረው ናቸው።»

«ተመስገን» ይላሉ፤ «ብቻዋን አይደለችም።» ከዚያ ወደ ልብሳቸው ይመለሳሉ፤ እኔም ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።