በአንድ እግር የሚዘለልበት ዘፈን

ሰውየው ከመድረኩ ሥር፣ መናፈሻው ሣር ላይ ተቀምጧል። ከወታደር ጃኬቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ጨርቅ ተፈቶ ክሩ ብቻ ቀርቷል። የሱሪው ግራ እግር ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

ዘፋኙ ሎውል ያየው ዘግይቶ ነው። ከቬትናም አንድ እግሩን ጥሎ በመጣ ወታደር የሚያላግጠውን፣ ቅዠት የሚመስለውን የሮክ ዘፈኑን በአንድ እግሩ እየዘለለ ጨርሶታል። የሳን ፍራንሲስኮ ወጣት ሁሉ አብሮት ዘሏል። ሎውል በኀፍረት ፊቱ ጋለ። ወርዶ አጠገቡ ተንበረከከ።

"ይቅርታ ወንድሜ፣ አላየሁህም።"

"ዝላይህ ልክ አይደለም" አለው ሰውየው። "ግራ እግር የሌለው ሰው ወደ ግራ ነው የሚወድቀው።"

ሕዝቡ "ይደገም!" እያለ ጮኸ። ሎውል ወደ መድረኩ ተመልሶ፣ በሁለት እግሩ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ዘፈነው። የሳቀ አልነበረም።

"ዝለል እንጂ፣ አንተ!" አለ ሰውየው ከታች። "እኔ ብቻዬን ልዝለል?"