መዳፉ ላይ የሚቀመጠው ሰው

ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኛ በቶጎዋ ከተማ በሎሜ ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የምንሠራ ሰዎች በምንሰበሰብበት አዳራሽ፣ አንድ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ሁልጊዜ የመስኮቱን ጥግ ይይዛል። ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ነው። ስሙን ጠይቀነው አናውቅም። ከኮምፒውተሩ ፕሮግራም ሊያጠፋ ሲል ቀኝ መዳፉን ከጭኑ ሥር አስገብቶ ይቀመጥበታል፤ አብረው የሚጠፉትን ዝርዝር አንብቦ ሳይጨርስ ማረጋገጫውን የኤንተር ቁልፍ እንዳይነካ ነው። አንዳንዶቻችን ይስቁበታል። ሳቂዎቹ ግን ሁላቸውም ሳያነቡ «እሺ» ብለው ስክሪናቸውን ያጨለሙ ናቸው።

ለወራት ሊያስወግድ የሚታገለው አንድ የማይጠቀምበትን የኢሜይል ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሙ ከወጣ ዴስክቶፑም፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሁሉ፣ አብሮ ይወጣል ይለዋል ማሽኑ።

«በገዛ ቤቴ እንግዳ ማስወጣት አቃተኝ እኮ!» ይል ነበር።

ዛሬ አኮፋ የተባለችው የቡድናችን ወጣት፣ ፕሮግራሙን ከዴስክቶፑ ነጥላ ያዘጋጀችውን ቅጂ ጫነችለት። እሱም ሊያጠፋው ቀኝ መዳፉ ላይ ተቀምጦ ዝርዝሩን በግራ ጣቱ ተከተለ። አንድ መስመር ብቻ ነው፤ የኢሜይል ፕሮግራሙ።

«አጎቴ፣ አሁንም ይፈራሉ? ሳያነቡ እሺ ብለው ያውቃሉ እንዴ?» አለችው አኮፋ።

«አንዴ ብያለሁ። ያኔ ግን ኮምፒውተር አልነበረም፤ የፈረምኩበት ወረቀት ነበር።»

መዳፉን አወጣ፤ የወንበሩ ሽመና ታትሞበታል። ኤንተርን ተጫነ። ፕሮግራሙ ጠፋ፤ ስክሪኑ ግን እንደበራ ቀረ።

በረጅሙ ተነፈሰና የአንገቱን ቁልፍ ፈታ።