ይሻው ይስማት

ደብረ ታቦር ውስጥ መኪናው የታመመበት ሰው ምክር ሲጠይቅ «ይሻው ይያት» አይሉትም፤ «ይሻው ይስማት» ነው የሚሉት። ይሻው ኮፈን ከመክፈቱ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ጋራዡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ከዚያ «ካንዴላ ነው፣ የመጨረሻው» ወይም «ቫልቩ ላልቷል» ይላል፤ ሲፈታም እንዳለው ይገኛል። አንድ ጊዜ ከጋይንት የሚመጣ የጭነት መኪና ገና መታጠፊያው ላይ ሳለ፣ ይሻው ቆሎውን እየቆረጠመ «የዚያ ሰውዬ ፓምፕ ዛሬን አያድርም» አለ፤ መኪናውም እዚያው በሩ ላይ ውሃውን ዘርግፎ ቆመ ይባላል። ይህ ሲወራ ይሻው አያስተባብልም፤ አያረጋግጥምም። ፈገግ ብሎ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል።

ጆሮውን ያገኘው በጎረምሳነቱ ነው። ከጉና ግርጌ፣ ገብስና ድንች ከሚያበቅል ቤት ወጥቶ መንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ መኪና አጣቢ ሆኖ ተቀጠረ። እዚያ የነበረ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ረጅም ካቻቪቴ ያስይዘውና ጫፉን ከሞተሩ፣ እጀታውን ከጆሮው ኋላ ካለው አጥንት ላይ ያስደግፈው ነበር። «ዝም ብለህ ቁም። እሷ ራሷ ትነግርሃለች» ይለዋል። ሽማግሌው ከሞተ ቆይቷል፤ ካምፑ የነበረበት ሜዳም ዛሬ ባሕር ዛፍ ሆኗል። ይሻው ግን እስካሁን ሞተር ሲያዳምጥ የዚያ ሰው እጅ ትከሻው ላይ ያረፈ ይመስለዋል።

ባለፈው ነሐሴ አንዲት ግራጫ መኪና ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሳ ስትመጣ ያ እጅ ከትከሻው ላይ የተነሳ መሰለው።

መኪናዋ ሕይወት የተባለች ሴት ንብረት ነበረች። ሕይወት ዓረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ ተመልሳ ስትመጣ በያዘችው ገንዘብ ይህቺን አሮጌ ቱርቦ ገዛች። ከእሷ በፊት በስንት ሰው እጅ እንዳለፈች አይታወቅም። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ጉልበት እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር አፍኖ የሚያጎርስ ነገር ነው፤ ዳገት ላይ ጉልበት የሚሰጠውም እሱ ነው። ሕይወት ሰው በኮንትራት ታመላልሳለች። አንዳንድ ቀን ታጣቢዎችን ይዛ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ትወርዳለች፤ አንዳንድ ቀን ወደ ጋሳይና ክምር ድንጋይ ትወጣለች። ችግሩ መውጣቱ ላይ ነበር። ከተማ ውስጥ መኪናዋ ደህና ናት፤ ቁልቁለት ላይ ትበራለች። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ግን እንደሚጠራጠር ሰው ቆም ትላለች፣ ትንተፋተፋለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ከዚያ አንዴ ወደፊት ትፈናጠራለች።

ይሻው መጀመሪያ ካንዴላዎቹን ለወጠ። ሕይወት ወንዛዬ ወርዳ ደወለች፤ «ድናለች፣ ጋሼ!» ማታ ዳገቱን ስትመለስ ያው ሆነች። ቀጥሎ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ቦቢና ለወጠ። ለተወሰነ ቀን ከከተማ ሳትወጣ ሠራች፤ ጋሳይ በሄደች ዕለት ያው ሆነች። በጀሪካን የሚሸጠውን ቤንዚን ጠረጠረና ታንከሩን አጥቦ ሌላ አስቀዳላት። ያው ሆነች። ይሻው በዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር አላየም። ሞተሩን ጋራዥ ውስጥ ሲያስነሳውና ካቻቪቴውን አጥንቱ ላይ ሲያስደግፍ ሁሉም ነገር በየቦታው ነው፤ ምቱ እኩል፣ ቫልቩ ጤነኛ። የሚነግረው ነገር የላትም።

«አየሩ ይሆናል» አላት በመጨረሻ። «የጉና አየር ስስ ነው። ያረጀች መኪና ይከብዳታል።»

«ጋሼ ይሻው፣ አምና አየሩ ወፍራም ነበር እንዴ?»

ከጎን ያለው ጎሚስታ፣ ባዩ፣ ጎማውን ትቶ ሳቀ። «ይቺን ይወዳል! መልስላት እስቲ!»

ይሻው እጁን በጨርቅ ጠረገ። ሕይወት ጫማዋን እያየች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ። ነገ ባሕር ዳር ልወስዳት ነው። በኮምፒውተር የሚያይ ሰው አለ ብለውኛል» አለች።

ይህቺን ዝቅ ያለች ድምፅ ይሻው በደንብ አልያዛትም፤ «ባሕር ዳር» የምትለዋን ግን ከከንፈሯ ላይ አነበባት። መኪናዋ በአንበሳሜ አድርጋ ቁልቁል ስትወርድ ታየችው። ብቻዋን አትወርድም። የኖረበት ቃል አብሯት ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ሰው ምን ይላል? «ይሻው ይስማት» ማለት ቀርቶ፣ «ይሻውማ ድሮ ቀረ» ነው።

«ዛሬን ስጪኝ» አላት። «አሁን አብሬሽ ልውጣ።»

በጋሳይ መንገድ ጉሙ መሬት ነክቶ ነበር። የገብሱ ማሳ ከመንገዱ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ሆኖ ይታይና ይጠፋል። ሕይወት ትነዳለች፤ ይሻው ከጎኗ ተቀምጦ የካቻቪቴውን ጫፍ ከፊቱ ካለው ብረት ላይ፣ እጀታውን አጥንቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኗል። ዳገቱ ሲጀምር ሞተሩ ሲያቃስት ተሰማው። ከዚያ ጧ!

«ቁሚ! ከጭስ ማውጫው ተኮሰች!»

ሕይወት ቆመች። ሁለቱም ወረዱ። ጧ! አሁንም ተሰማ፤ ሞተሩ ግን ጠፍቷል። ከማዶው ኮረብታ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ሌላ ጧ! መለሰለት።

«ጅራፍ ነው፣ ጋሼ» አለች ሕይወት አፏን በነጠላዋ ይዛ። «ቡሄ እኮ ደረሰ።»

ይሻው አፍሮ ገባ። የቡሄን ጅራፍ ከሞተር ለይቶ ያልሰማ ሰው፣ ያውም ደብረ ታቦር ውስጥ! እንደገና ጉዞ ጀመሩ። ዳገቱ ሲጠና መኪናዋ ያንን የለመደችውን መጠራጠር ጀመረች። አሁን ይሻው ምቱ ሲዘል በአጥንቱ ሰማው፤ ለምን እንደሚዘል ግን የሚነግረው የለም። ሕይወት ነዳጅ እየረገጠች ጮክ ብላ፣

«ፉጨቷ ደግሞ ዛሬ ባሰባት!» አለች።

«ምኗ?»

«ፉጨቷ።»

«የምን ፉጨት?»

ሕይወት እየቀለደ መስሏት ሳቀች። ዞር ብላ ፊቱን ስታይ ሳቋን ተወችው። «ይኸው አሁን እኮ እየጮኸች ነው፤ ጆሮ ትበሳለች።»

ይሻው ትንፋሹን ያዘ። የጎማው ጉርምርምታ አለ። የዝናብ መጥረጊያው ሲመላለስ አለ። የሞተሩ ምት፣ ዝላዩ፣ የበሩ መንቋቋት አለ። ፉጨት የለም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ስገዛትም ትንሽ ነበራት። ከፋሲካ ወዲህ ነው የጨመረው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? እርስዎ እየሰሙ እኔ እንዴት ልንገርዎት?» ድምጿ የተቀየመ ነበር። «ቱርቦ ያፏጫል ብለው ነው የሸጡልኝ። እርስዎም ሰምተው ዝም ሲሉ፣ ደህና ፉጨት ነው አልኩ።»

«ቁሚ» አላት። በዚህኛው ጊዜ ቀስ ብሎ ነው ያላት።

ወርዶ ከመንገዱ ዳር ቆመ። የጠፋ ከብት ፍለጋ የወጣ ሰው ዱካ እንደሚለቃቅም፣ ትንንሽ ነገሮችን መልቀም ጀመረ። ፈንታነሽ፣ ሚስቱ፣ ከጓዳ ስትጠራው አለመስማቱ፤ እሱ «ሴትዮዋ አፏ ውስጥ ማውራት ጀመረች» ማለቱ። ስልኩ አይጮህም ብሎ ሁለት ጊዜ ማሠራቱ፤ ሠሪው «ጤነኛ ነው አባቴ» ማለቱ። ከቤቱ ጀርባ ካለው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ጽዱ ላይ ጎህ ሲቀድ ይንጫጩ የነበሩ ወፎች ከጠፉ ስንት ዘመናቸው ነው? ይሻው ወፎቹ የሄዱት አሮጌዎቹ ጽዶች ስለተቆረጡ ነው ብሎ፣ ባገኘው ሰው ሁሉ ላይ ሲያማርር ኖሯል። ጽዶቹ ግን የተቆረጡት ጥቂቶቹ ናቸው። የቀሩት ዛሬም ቆመዋል።

ግን እንዴት ይሆናል? ጅራፉን ሰማ። ሞተሩን ይሰማል። ጆሮ ወይ ይሰማል ወይ አይሰማም እንጂ፣ እህል እንደሚያበጥር ሰፌድ ቀጭኑን ድምፅ ጥሎ ወፍራሙን ያስቀራል እንዴ? ራሱን ያዘ። ከመዶሻና ከከባድ መኪና ጋር ያለፈው ዕድሜው ሁሉ አሁን፣ በዚህ ጉም ውስጥ፣ ጆሮው ላይ ጭው የሚል መሰለው።

ወደ ጋራዡ እንደተመለሱ ይሻው በቀጥታ ወደ ባዩ ሄደ።

«የጎማ መንፊያህን አምጣ።»

«የየትኛው ጎማ?»

«የሞተሩን አየር መንገድ ልነፋው ነው።»

«እሰይ! መኪናዋን ነፍተህ እንደ ፊኛ ባሕር ዳር ልታበራት ነው በለኛ!»

ሙከራውን ይሻው ድሮም ያውቀዋል። የአየሩን መግቢያ በከመነዳሪ፣ በጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ ቁራጭ ደፍኖ፣ በውስጡ ነፋስ ማስገባትና የሚያፈስበትን መፈለግ ነው። ለሌሎች መካኒኮች ያስተማረው እሱ ነው። ለራሱ ግን አስፈልጎት አያውቅም ነበር፤ የሚያፈስ ቱቦ ከሩቅ ይሰማው ነበርና። ሞተሩ እንደጠፋ ባዩ ነፋሱን ለቀቀው። ወዲያው ባዩ ፊቱን አጨማደደ።

«ኧረ ይቺ ነገር ትጮሃለች! ያውልህ፣ አትሰማም እንዴ?»

ይሻው ባዩን አየው። ሕይወትን አየ። «አዎ» ማለት ይችል ነበር። «አዎ» ብሎ፣ እንደለመደው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ባዩ በጣቱ ወደ ጠቆመው አቅጣጫ መሄድ ነው። ማንም አያውቅም። ከዚያ ግን የሚቀጥለው መኪና ይመጣል፤ ከሱም በኋላ ሌላው።

«አልሰማም» አለ።

ባዩ ሊስቅ ጥርሱን ገለጠና እዚያው ላይ አቆመው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እኔ ለሐሜት ብቻ ይመስለኝ ነበር» አለ በመጨረሻ፤ ቀልድ ነበር፣ ግን ድምፁ ቀልድ አልነበረም።

«ሕይወት፣ ነይ» አለ ይሻው። «አንቺ ስሚልኝ። ከየት ነው?»

«እኔ ሞተር ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ?»

«ማወቁን ለእኔ ተዪው። አንቺ ስሚ ብቻ።»

ሕይወት ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አድርጋ ጎንበስ አለች። ዓይኗን ጨፈነች፤ አንገቷን ወደ ቀኝ ዘንበል አደረገች። እንዲያ መሆኗን ራሷ አላወቀችም። ይሻው ግን አየ።

«ከዚህ ሥር ነው» አለች፣ ጣቷን ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ ሥር አስገብታ። «ነፋስም ይነካኛል።»

ይሻው የሳሙና አረፋ በብሩሽ ነክሮ ቱቦውን ከሥሩ ቀባው። አረፋው መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ አንዲት ኳስ አበጠች፣ ፈነዳች፤ ሌላዋ አበጠች፣ ፈነዳች። ያለ ድምፅ። ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩዋት። ስንጥቁ እንደ ከንፈር ነው፤ ነፋሱ ሲቆም ይገጥማል፣ ነፋሱ ሲበረታ ይከፈታል። ለዚህ ነው ጋራዥ ውስጥ ጤነኛ የነበረችው። ዳገት ላይ ቱርቦው አፍኖ ያጎረሰው አየር በዚህ ያመልጥና ሞተሩ ነዳጅ ብቻ ይጠግባል፤ ይታነቃል፣ ይንተፋተፋል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ካንዴላውም ቦቢናውም ጥፋት አልነበረባቸውም።

«አሁን እየጮኸች ነው?» ሲል ጠየቀ ዓይኑን ከአረፋው ሳይነቅል።

«በጣም፣ ጋሼ።»

ከአንድ የተፈታታ የጭነት መኪና ላይ ደህና ቱቦ አውጥቶ፣ ለክቶ ቆርጦ ገጠመው፤ ሁለቱን ጫፍ በብረት ቀለበት አጠበቀው። ወደ ጋሳይ ዳገት ሲወጡ መኪናዋ አልተጠራጠረችም። ጉሙም ተገልጦ ጉና ከነግርማው ታየ። ሕይወት እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«ፉጨቷስ?»

«ትንሽ ናት። እንደ መጀመሪያዋ ሆናለች።»

ይሻው ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ ናት ካለች ትንሽ ናት። ደስ አለው፤ ደስታው ግን መሬት አልያዘለትም። አምና «ጤነኛ ናት» ብሎ የሸኛት አንዲት ሚኒባስ ትዝ አለችው። ከእሷም በፊት የነበሩት። ስንቶቹ እያፏጩ ሄደው ይሆን?

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጽዶቹን ሲመለከት ፈንታነሽ ወጣች።

«ፈንታ፣ ወፎቹ አሉ?» አላት።

«የትኞቹ?»

«ጽዱ ላይ የነበሩት።»

«የት ሄዱና? ይኸው አሁንም እየተንጫጩ አይደል!» አለች፤ ከዚያ ነገሩ ገባት መሰል መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ጮክ ብላ፣ «ብዙ ናቸው» አለችው።

ይሻው ወደ ጽዶቹ ዞረ። አንዲት ቅርንጫፍ ወዘወዝ ስትል አየ።

ጋራዡን ሲከፍት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በር ላይ ይጠብቀው ነበር። «ጋሼ ይሻው፣ ይስሙልኝ ብዬ ነው። ከአዲስ ዘመን ከተማ ጀምሮ ልክ አይደለችም» አለና ሊያስነሳት ተንደረደረ።

«ቆይ፣ አታስነሳት» አለ ይሻው፤ አንድ ጎማ አንከባሎ አመጣና ተቀመጠበት። «መጀመሪያ አንተ የሰማኸውን ንገረኝ።»

«እኔማ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ?»

«የሰማኸውን ብቻ። ትንሿንም አትተው። ጮክ በልና ንገረኝ።»