የፖላንዷ ሙሽራ ጸጉር

ሙሽራዋን ያስለቀስኳት እኔ ነኝ። ተመልካቹ ሁሉ "ምን ዓይነት ተዋናይ ናት!" እያለ አጨብጭቦላታል። እኔ ግን እንባዋ ከየት እንደሚመጣ ጣቶቼ ያውቁት ነበር።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሆላንድ፣ ሄግ ከተማ፣ ስኪልደርስዋይክ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ቡርትሃውስ የሚሉትን የሰፈር አዳራሽ አጸዳ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የፖላንድ ስደተኞችና እዚያው የወለዷቸው ልጆቻቸው ያቋቋሙት የባህል ቡድን ይለማመድበታል። መድረክ ላይ የሚያሳዩት የአገራቸውን የገጠር ሠርግ ነው። ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚጠብቀው፣ ሙሽራዋ በተደፋ የሊጥ ገበቴ ላይ ተቀምጣ ያገቡት ሴቶች እየዘፈኑ የልጃገረድ ሹሩባዋን ሲፈቱና የባለትዳር ሻሽ ሲያስሩላት ነው። እዚያ ላይ ሙሽራዋ ማልቀስ አለባት። በሠርጓ ያላለቀሰች በትዳሯ ታለቅሳለች ይላሉ።

ሙሽራ የምትሆነው ልጅ ገና ሃያ ዓመቷ፣ ዳቦ ቤት የምትሠራ፣ ሳቂታ ነበረች። ማልቀስ እንቢ አላት። አሠልጣኟ፣ ያቺ ፊቷ ተፈቶ የማያውቅ ሴትዮ፣ ሦስት ማክሰኞ ሙሉ "ይሄ ሠርግ ነው ወይስ የልደት በዓል?" እያለች ጮኸችባት። በመጨረሻም "ካላለቀስሽ ሌላ ሙሽራ አለኝ" አለቻት።

ልጅቷ ሙሽራነቱን ለምን እንደዚያ እንደፈለገችው ሁላችንም እናውቃለን። አያቷ ከፖላንድ ሊመጡ ነው። ፖላንድ ያኔ ሰው እንደ ልቡ የሚወጣባት አገር አልነበረችም፤ ይህን ከኢትዮጵያ ለተሰደድኩት ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም። አሮጊቷ ስንት ዓመት ደጅ ጠንተው የአንድ ወር ፈቃድ አግኝተዋል። በሚያዝያ የሚመጡት የልጅ ልጃቸውን በመንደራቸው የሙሽራ ልብስ ለማየት ነው። ልብሱን በገዛ እጃቸው ሰፍተው አስቀድመው በፖስታ ልከውታል።

ሹሩባ እንደምችል ያወቀችብኝ አሠልጣኟ ናት። ሙሽራዋ የምትደፋው የአበባ ጉንጉን ከልጅቷ ራስ እየተንሸራተተ ሲያስቸግራት የእኔን ጸጉር አየችና መጥረጊያዬን አስጣለችኝ። ልጅቷ መሬት ተቀመጠች፤ እኔ ወንበር ላይ ሆኜ፣ ራሷን ጉልበቶቼ መሃል ይዤ ከግንባሯ ዳር ጀመርኩ። ጸጉሯ የበቆሎ ጸጉር ነው፤ ያዳልጣል። ጠበቅ አደረግሁት። "እንዲህ ይሁን?" አልኳት በዚያች በተሰባበረች ደችኛዬ። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። እኛ አገር ትንፋሽን እንዲያ መሳብ "አዎ" ማለት ነው። "ይጨመር?" አልኳት። አሁንም ሳብ። እንግዲህ ካልሽ ብዬ እስከ ማጅራቷ ጎተትኩት።

ገበቴው ላይ ስትቀመጥ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አሠልጣኟ ለመጀመሪያ ጊዜ አጨበጨበች። ልምምዱ ሲያልቅ ልጅቷ ራሷን እያሻሸች መጥታ፣ "ገደልሽኝ እኮ! አመመኝ" ብላ ሳቀች። ያ ትንፋሽ የሕመም እንጂ የእሺታ እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው። የዚያን ቀኑ ስህተት ነበር፤ ብምልም አላፍርም።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ስህተት አይደለም። ሮተርዳም ሲያሳዩ፣ አምስተርዳም ሲያሳዩ እኔን ይዘው ይሄዳሉ። እጠይቃታለሁ፣ ትንፋሿን ትስባለች፣ እኔም "አዎ" እንዳለችኝ ቆጥሬ እጎትታለሁ። አሠልጣኟ አዝዛኝ ነው ብል እዋሻለሁ። እኔ የተዳርኩት እዚያው ሄግ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ በተውሶ ካፖርት፣ አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ነው። የሚያለቅስልኝ ቀርቶ እልል የሚልልኝ እንኳ አልነበረም። ይቺ ግን ሳትዳር በየሳምንቱ ትዳራለች፤ ያ ሁሉ ሴት ይዘፍንላታል፤ አያቷ ከድንበር ማዶ ልብስ ይሰፉላታል። እንባዋ ሲወርድ ሳይ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር። እንዲህ ነበርኩ፤ አላሳምረውም።

እሷም አላስቆመችኝም። ብታስቆመኝ አታለቅስም፤ ካላለቀሰች አያቷ የሚያዩት ሌላ ሙሽራ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አምስተርዳም ከመድረኩ ጀርባ፣ እጄን ያዘችና "ዛሬ ትንሽ ላላ አድርጊልኝ፤ እንደምንም ራሴ አለቅሳለሁ" አለችኝ።

"አሠልጣኟን ጠይቂያት" አልኳት። እንደማትደፍር አውቃለሁ።

መጋቢት ላይ ከሁለቱም ጆሮዎቿ በላይ ያለው ጸጉር ከሥሩ ተነቅሎ አለቀ። ቦታው እንደ ሕፃን ተረከዝ ለስልሶ ያብለጨልጫል። አሠልጣኟ ጉንጉኑን አንስታ፣ አገጯን ይዛ ወደ መብራቱ አዞረቻትና "መላጣ ሙሽራ የለኝም" አለች። እዚያው፣ ሁሉም እያየ፣ ጉንጉኑን ለሌላ ልጅ ሰጠች። ልጅቷ "እሷ ናት" ብላ ትጠቁመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጠቆመችኝም። እኔም አፌን አልከፈትኩም።

አያቷ ከባቡር በወረዱበት ዕለት ትዕይንቱ በእኛው አዳራሽ ነበር። ልጅቷ በየተራ ነው ሙሽራ የምንሆነው ብላ ዋሽታቸዋለች። ፊት ረድፍ ተቀምጠው፣ በእጃቸው የሰፉትን ልብስ የሌላ ሰው ልጅ ለብሳው ስትወጣ አዩ፤ የሙሽራ ልብስ ያ ብቻ ነበርና። የእሳቸው የልጅ ልጅ ግን ሻሿን እስከ ቅንድቧ አስራ ከባለትዳሮቹ ጋር ትዘፍናለች። አዲሷ ሙሽራ ማልቀስ ታውቅበት ነበር፤ እኔም ላላ አድርጌ ነው የሠራኋት።

ሲያልቅ አሮጊቷ የልጅ ልጃቸውን ክንድ ይዘው ወደ እኔ መጡና በቋንቋቸው ብዙ ተናገሩ። ልጅቷ ዓይኔን ሳታይ ወደ ደችኛ መለሰችልኝ፦ "እጅሽ ይባረክ ትልሻለች። እንዲህ ያለ ሹሩባ ከእናቷ እጅ ወዲህ አላየችም።"

አሮጊቷ የልጅቷን ሻሽ በጣታቸው ነካ አድርገው ሌላ ነገር ጨመሩ። ልጅቷ ሳትተረጉም ሻሿን አጠበቀች። በክርናቸው ጎሸም አደረጓት።

"አብረን ፎቶ እንድንነሳ የእኔንም እንድትሠሪልኝ ትለምንሻለች" አለች።

"አዳራሹን መጥረግ አለብኝ በያቸው" አልኩ።

ምን ብላ እንደሸፈነችልኝ አላውቅም፤ እኔ ካልኩት በጣም ይረዝም ነበር። አሮጊቷ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሁለቱንም እጆቼን ያዙ፤ ልጅቷ ቆማ እያየች፣ ጎንበስ ብለው ጣቶቼን አንድ በአንድ ሳሙልኝ። እኔም እጄን አልሰበሰብኩም።